ሳይጣደፉ የሚውሉባት ደሴት፦ ከእናቴ ጋር በኤጊና

ወደ ግሪክ ልሄድ ነው ለሚል ሰው ወዳጅ ዘመዱ ቀድሞ የሚጠራለት ደሴት ሳንቶሪኒ ወይም ሚኮኖስ ነው። ሁለቱም ውብ መሆናቸውን አልክድም፤ ነገር ግን የአቴንስ ወደብ ከሆነው ከፒሬየስ ተነሥቶ በተራው መርከብ ሳንቶሪኒ ለመድረስ ሰባት ስምንት ሰዓት ስለሚፈጅ፣ አቴንስ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ብቻ ለሚቆይ፣ ይልቁንም ጉልበቱ የደከመ እናት ወይም አባት ይዞ ለሚጓዝ ሰው፣ ማልዶ ሄዶ ማታ የሚመለስበት ቅርብ ደሴት ይሻላል። የእኔ ምርጫ ኤጊና ነበረች። የምኖረው ሙኒክ ነው፤ እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ በመጣችበት ወቅት የጀርመን ቪዛዋ የሸንገን ቪዛ ስለሆነ ያለ ተጨማሪ ጣጣ ግሪክ ይዣት ሄድኩ። እንዲህ ያለ ጉዞ የሚያስቡ ሌሎች ልጆች እንዳሉ ስለማውቅ ቀኑን እንዴት እንዳዋልነው ልጻፈው። የምጠቅሳቸው ሰዓቶች በእኛ አቆጣጠር፣ ዓመቶቹ ደግሞ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር ቀኑ ረቡዕ መሆኑ ነው። እናቴ ረቡዕና ዓርብን እስከ 9 ሰዓት ስለምትጾም፣ እህል ውኃ ሳትቀምስ ፀሐይ ላይ ላውላት እንዳይሆን ፈርቼ ጉዞውን ወደ ሐሙስ ላዛውረው አስቤ ነበር። እርሷ ግን ገዳም እየሄዱ ጾም መሻር ደግ አይደለም ብላ አልተስማማችም። በኋላ እንዳየሁት ይህ የጾም ሰዓት ለደሴቲቱ የተሰፋ ይመስል ነበር፤ ምክንያቱም ግሪኮች ራሳቸው ምሳ የሚበሉት ከ8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ጠዋቱን ለጉብኝት፣ ከ9 ሰዓት በኋላ ያለውን ለምግብ ስንመድበው ቀኑ ያለ ጥድፊያ ተካፈለልን።

ወደ ፒሬየስ ከከተማው መሃልም ሆነ ከአውሮፕላን ማረፊያው በሰማያዊው የሜትሮ መስመር በቀጥታ መድረስ ይቻላል፤ መስመሩ እስከ ወደቡ የተዘረጋው በ2022 ነው። ወደቡ ሰፊ በመሆኑ በሮቹ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ ለኤጊና የሚያስፈልገው ኢ8 የተባለው በር ሲሆን ቲኬት እዚያው አጠገብ ካሉ ትንንሽ መሸጫዎች ይገዛል። ሁለት ዓይነት መጓጓዣ አለ። አንደኛው መኪና ጭምር የሚጭነው ተራው መርከብ ሲሆን አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ይፈጃል፤ ሁለተኛው ፈጣኑ ጀልባ ሲሆን በአርባ ደቂቃ ገደማ ያደርሳል። ብዙ ሰው ፈጣኑን ይመርጣል፤ እኔ ግን ያለ ማመንታት ተራውን እመክራለሁ። ፈጣኑ ጀልባ ውድ ነው፤ ተሳፋሪውም በሩ ተዘግቶ እንደ አውቶቡስ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ከመሄድ በቀር ውጭ መውጣት አይችልም፤ ነፋስ ሲበረታም ቀድሞ የሚሰረዘው እርሱ ነው። በተራው መርከብ ግን እናቴ ላይኛው ወለል ላይ ጥላ ያለበት አግዳሚ ወንበር አግኝታ፣ ነጠላዋን ለነፋሱ ጠበቅ አድርጋ ተከናንባ፣ የረቡዕን ውዳሴ ማርያም ደግማ ስትጨርስ ደሴቲቱ ፊት ለፊታችን ነበረች። ባሕር ስትሳፈር የመጀመሪያዋ ስለነበር መርከቡ ሲነሣ የወንበሩን ብረት ጭምድድ አድርጋ ይዛ ነበር፤ ከወደቡ ከራቅን በኋላ ግን እጇን ለቅቃ የባሕር ወፎቹን ዳቦ ለሚወረውሩላቸው ሕፃናት ታሳይ ጀመር።

ወደ ወደቡ ሲገባ ቀድማ የምትታየው ከመርከብ መቆሚያው ጫፍ ላይ ያለችው ነጭ የቅዱስ ኒኮላስ ጸሎት ቤት ናት፤ ቅዱስ ኒኮላስ በግሪኮች ዘንድ የመርከበኞች ጠባቂ ነው። ከኋላዋ ያለው የባሕር ዳርቻ መንገድ ካፌዎች በተደረደሩባቸው ያረጁ ባለ ፎቅ ቤቶች የተሞላ ነው። ይህች ትንሽ ከተማ የዘመናዊቷ ግሪክ የመጀመሪያ ዋና ከተማ ነበረች ቢባል አይመስልም፤ የመጀመሪያው የአገር መሪ ኢዮአኒስ ካፖዲስትሪያስ በ1828 ቃለ መሐላ የፈጸመው እዚህ ነው፤ ፎኒክስ የተባለው የአዲሱ መንግሥት ገንዘብም እዚሁ ተቀርጿል። በጥንት ዘመንም ቢሆን በአውሮፓ ምድር ከተቀረጹት ሳንቲሞች ቀደምት ከሚባሉት ውስጥ የኤጊና የብር ሳንቲም አለበት፤ በአንደኛው ገጹ የባሕር ኤሊ የተቀረጸበት ነው። ከወደቡ በስተሰሜን ኮሎና በሚባለው ኮረብታ ላይ ከአፖሎን ቤተ መቅደስ የተረፈች አንዲት ዓምድ ብቻ ቆማለች። ከመርከቡ ላይ በደንብ ስለምትታይ ጊዜ የሌለው ሰው በዚያው ቢረካ የሚቀርበት ብዙ ነገር የለም።

አውቶቡሶቹ የሚነሡት ከወደቡ አጠገብ ካለው አደባባይ ነው። ወደ አጊያ ማሪና የሚሄደው መስመር በቅዱስ ነክታሪዮስ ገዳምና በአፋያ ቤተ መቅደስ በኩል ስለሚያልፍ ሁለቱንም ያለ ታክሲ ማዳረስ ይቻላል። አውቶቡሱ ቶሎ ቶሎ የሚመላለስ ባለመሆኑ የመነሻ ሰዓቶቹን ቲኬት መሸጫው ላይ ከተለጠፈው ወረቀት በስልክ ፎቶ ማንሣት ይጠቅማል፤ እኛ ቀኑን ሙሉ የተመራነው በዚያ ፎቶ ነው።

ገዳሙ ከከተማው ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ቅዱስ ነክታሪዮስ በ1846 በትራቅያ ተወልደው፣ በግብፅ አገልግለው፣ በ1889 የጴንጠጶሊስ ሊቀ ጳጳስ ሆነው የተሾሙ፣ በዓመቱ ግን በሐሰት ተወንጅለው ከግብፅ የተሰናበቱ አባት ናቸው። እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይደናገር፣ የተሾሙበት መንበር የግሪኮቹ የእስክንድርያ ፓትርያርክ እንጂ ለዘመናት ለእኛ ጳጳሳት ይልክ የነበረው የቅብጦቹ መንበር አይደለም። ወደ ግሪክ ከተመለሱ በኋላ አቴንስ ውስጥ የካህናት ትምህርት ቤት ለዓመታት መርተው፣ በ1904 በዚህች ደሴት የሴቶች ገዳም መሠረቱ፤ ከ1908 ጀምሮም እስካረፉበት እስከ 1920 ድረስ ኑሯቸው እዚህ ሆነ። ቅድስናቸው በ1961 ታወጀ፤ ያሰናበታቸው መንበርም በ1998 ይቅርታ ጠይቋል። ከኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ በተለያየ መንገድ የሄድን አብያተ ክርስቲያናት በመሆናችን በእኛ ስንክሳር ውስጥ አይገኙም፤ እናቴ ስለ እርሳቸው የሰማችው አቴንስ ለረጅም ዘመን ከኖረችው የአክስቴ ልጅ ነው። በቅዳሴ ሰዓት ብትደርሱ መቁረብ እንደማይቻል ማወቅ ያስፈልጋል፤ መሳለም፣ ጧፍ ማብራትና መጸለይ ግን የሚከለክላችሁ የለም።

ከአውቶቡሱ እንደወረዱ የሚታየው ግዙፉ ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለት የደወል ማማዎች ያሉት አዲስ ሕንፃ፣ ዓይን ይሞላል እንጂ የሰዎቹ እግር የሚያመራው ከእርሱ በላይ ባለው አቀበት ወደ ቆየው ገዳም ነው። ደረጃው ለጉልበት ሕመምተኛ ቀላል አይደለም፤ እኛ እያረፍን ወጣነው፤ በየመታጠፊያው የሚያርፉ የግሪክ አሮጊቶችም ስለነበሩ እናቴ ብቻዋን አልደከመችም። ሱሪ ለብሰው ለሚመጡ ሴቶች በር ላይ ሽርጥ ይሰጣል፤ ነጠላና ረጅም ቀሚስ ለለበሰችው ለእናቴ ግን ደጁ ላይ የነበሩት መነኩሲት ፈገግ ብለው ራሳቸውን በአክብሮት ዝቅ አደረጉላት። ግቢው ጠባብ፣ በአበባ የተሞላና ጸጥ ያለ ነው። የቅዱሱ መቃብር በትንሿ ጸሎት ቤት ውስጥ የሚገኝ የእብነ በረድ ሣጥን ሲሆን፣ የራስ ቅላቸው ደግሞ በጳጳስ አክሊል አምሳል በተሠራ የብር ማኖሪያ ውስጥ ተቀምጦ ይሳለሙታል። ምእመናኑ ጆሯቸውን እብነ በረዱ ላይ ያስጠጋሉ፤ ከውስጥ የቅዱሱ የበትራቸው ወይም የእርምጃቸው ድምፅ ይሰማል ይላሉ። እናቴ ሦስት ጊዜ ከሰገደች በኋላ እንደ ሌሎቹ ጆሮዋን አስጠግታ ረጅም ጊዜ ቆየች። ምን ሰማሽ ብዬ ስጠይቃት፣ "እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ፣ አንቺም ጠጋ ብለሽ ስሚ እንጂ" አለችኝ። ከመቃብሩ አጠገብ ከሚበራው ቀንዲል በጥጥ የተነከረ ዘይት ተሰጥቷት በመሐረቧ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ አስቀመጠች።

ከገዳሙ ፊት ለፊት ያለው ራሰ በራ ኮረብታ ፓሊያሆራ ይባላል። በመካከለኛው ዘመን የደሴቲቱ ሰዎች የባሕር ወንበዴዎችን ሸሽተው ከተማቸውን የመሠረቱት እዚያ ላይ ነበር፤ ዛሬ ቤቶቹ ፈርሰው በየድንጋዩ መካከል የቀሩት ጸሎት ቤቶቹ ብቻ ናቸው። ኮረብታው የሚወጣው በእግር በመሆኑ ከታች ሆነን አይተነው አለፍን፤ ጉልበት ያለው ሰው ግን ማለዳ ቢሄድበት ከቤተ መቅደሱ ይልቅ እርሱን ሊወደው ይችላል ብዬ እገምታለሁ።

የአፋያ ቤተ መቅደስ ከከተማው አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ጥድ በከበበው ኮረብታ ላይ ይገኛል። በአፈ ታሪኩ አፋያ ከቀርጤስ ንጉሥ ከሚኖስ ስትሸሽ ባሕር ውስጥ ዘልላ በዓሣ አጥማጆች መረብ የተያዘች፣ ኤጊና ስትደርስም ከሰው ዓይን የተሰወረች ልጃገረድ ናት። አውቶቡሱ እደጃፉ ድረስ ያደርሳል። እዚህ ላይ እናቴ ተቆጣች፤ "ከገዳም አውጥተሽ ጣዖት ቤት ታመጪኛለሽ?" አለችኝ። ግቢውን አልረግጥም ብላ ከመግቢያው ፊት ለፊት ባለው ካፌ ጥላ ሥር ከመቁጠሪያዋ ጋር ተቀመጠች፤ እኔ ብቻዬን ገባሁ። እንዲህ ያለ ወላጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው የማቀርበው ምክር አትከራከሩ የሚል ነው፤ ከዚያ ካፌ የሚታየው ባሕር ብቻውን ቢቀመጡለት የማይሰለች ነው።

እኔ ለዚህ ቤተ መቅደስ የተለየ ጉጉት ነበረኝ፤ ምክንያቱም ጌጦቹ ያሉት እኔ የምኖርበት ከተማ ውስጥ ነው። ሕንፃው በ500 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ገደማ የተሠራ ሲሆን፣ በ1811 ቻርልስ ኮከረልና ካርል ሃለር ፎን ሃለርሽታይን የተባሉ ሁለት አርክቴክቶች ከባልደረቦቻቸው ጋር ቆፍረው ከጣሪያው ፊት የወደቁትን ሐውልቶች አወጧቸው፤ በተከታዩ ዓመት በጨረታ ሲሸጡ የገዛቸው ሙኒክ የምትገኝበት የባየርን መንግሥት አልጋ ወራሽ ሉድቪግ ነበር። በትሮይ ጦርነቶች የሚዋጉ ጀግኖችንና በመካከላቸው የቆመችውን አቴናን የሚያሳዩት እነዚያ የእብነ በረድ ቅርጾች ዛሬም ሙኒክ ግሊፕቶቴክ በተባለው ሙዚየም ናቸው። የሉድቪግ ልጅ ኦቶ በኋላ የግሪክ የመጀመሪያ ንጉሥ መሆኑ ደግሞ ታሪክ አንዳንዴ ምን ያህል ዓይነ ደረቅ እንደሆነ ያሳየኛል። ሙዚየሙ ውስጥ ቁስለኛው ወታደር በክንዱ ተደግፎ ሲወድቅ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ከየት ከፍታ ላይ ሆኖ ይታይ እንደነበር የገባኝ ግን ባዶውን የሕንፃ ፊት ቀና ብዬ ስመለከት ነው።

ሕንፃው በአጭሩ ወገን ስድስት፣ በረጅሙ ዐሥራ ሁለት ዓምዶች ያሉት ሲሆን አብዛኞቹ ዛሬም ቆመዋል። ጠጋ ብሎ ላየው ሰው ዓምዶቹ ከጥቂቶቹ በስተቀር እያንዳንዳቸው ከአንድ ወጥ የኖራ ድንጋይ የተጠረቡ ናቸው፤ ድንጋዩ ጎርባጣና ቀዳዳ የበዛበት በመሆኑ በዘመኑ ላዩን በነጭ ልስን ይሸፍኑት ነበር፤ የልስኑ ቅሪትም አልፎ አልፎ ይታያል። በውስጠኛው ክፍል ያሉት ዓምዶች አንዱ በሌላው ላይ በሁለት ደርብ የተሠሩ ናቸው፤ ይህን ሳያስተውሉ የሚወጡ ጎብኚዎች ብዙ ናቸው። ሰማዩ ጥርት ካለ ከባሕሩ ማዶ አቴንስ ትታያለች። ግማሽ ሰዓት ከበቂ በላይ ነው፤ ጥላው ጥቂት ስለሆነ ባርኔጣና ውኃ መያዝ ግን ግድ ነው።

ወደ ከተማው ስንመለስ መንገዱ ፒስታሺዮ በተባለው፣ እንደ ለውዝ ተቆልቶ በሚበላው ፍሬ እርሻዎች መካከል ያልፋል። ወቅቱ መስከረም በመሆኑ ምርት እየተሰበሰበ ነበር፤ ገበሬዎቹ ከዛፎቹ ሥር ሰፋፊ ሸራ ዘርግተው ቅርንጫፎቹን በረጃጅም ዱላ መታ መታ ሲያደርጓቸው ፍሬው እየረገፈ ይወርድ ነበር። የገበሬ ልጅ የሆነችው እናቴ ከቤተ መቅደሱ ይልቅ ይህ ስቧት እስክናልፍ ድረስ በመስኮቱ አንገቷን አዙራ ተመለከተች።

ምሳችንን የበላነው ከባሕር ዳርቻው መንገድ አንድ ረድፍ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ከሚገኘው የዓሣ ገበያ ጎን ካሉት ትንንሽ ምግብ ቤቶች በአንዱ ነው። ጠዋት የተያዘው ዓሣ በረዶ ላይ ተዘርግቶ ይሸጣል፤ ከኋላው ጠባቧ መተላለፊያ ውስጥ ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል፤ የከሰሉ ጭስ የሎሚና የኦሬጋኖ ሽታ ይዞ ይመጣል። ደጃፉ ላይ ኦክቶፐስ በገመድ ተሰቅሎ ፀሐይ ይመታዋል፤ እግሮቹ ተንጠልጥለው፣ ጫፋቸው እየተጠቀለለ። እናቴ ስታየው አማተበች።

የግሪኮቹና የእኛ ጾም የሚለያየው እዚህ ላይ ነው። እነርሱም ረቡዕና ዓርብን ይጾማሉ፤ በጾማቸው ግን ደም የለውም የሚሉትን ኦክቶፐስ፣ ካላማሪና ሽሪምፕ ሲፈቅዱ ዓሣን ይከለክላሉ። በእኛ ዘንድ ደግሞ ስለ ዓሣ ክርክር ቢኖርም፣ ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር ፍጥረት በኦሪቱ ሕግ መሠረት በፍስክም አይበላም። ስለዚህ ለአስተናጋጁ ጾመኛ ነን ብቻ ብትሉት በቅን ልቡ የኦክቶፐስ ሰሃን ሊያቀርብላችሁ ይችላል። "ኒስቲሲሞ" ካላችሁት የጾም ምግብ እንደምትፈልጉ ይረዳል፤ ከዚያ የባሕር ነገር እንደማትበሉ አክላችሁ ንገሩት። የገጠር ሰላጣ የሚባለው ቲማቲም፣ ኪያር፣ ሽንኩርትና ወይራ ያለበት ሲሆን ላዩ ላይ የፌታ አይብ ይጫንበታል፤ "ሆሪስ ፌታ" ብሎ ያለ አይብ ማዘዝ ይቻላል።

ልክ 9 ሰዓት ሲሆን ለእናቴ የቀረበላት ፋቫ፣ ሆርታ፣ ጊጋንቴስና ዳቦ ነበር። ፋቫ ቢጫ የተከካ አተር በደንብ ተቀቅሎና ተልሞ፣ የወይራ ዘይት ፈስሶበት፣ ጥሬ ሽንኩርት ተከትፎበት፣ ከሎሚ ጋር የሚቀርብ ነው፤ እናቴ አንዴ ቀምሳ "ይሄማ ቅመሙን የረሱት አልጫ ክክ ነው" ብላ ሰሃኑን ወደ ራሷ አስጠጋች። ሆርታ የተቀቀለ የዱር ጎመን ነው፤ ሎሚ በደንብ ሲጨመቅበት ምሬቱ ደስ ይላል። ጊጋንቴስ የሚባለው ትልልቅ ነጭ ባቄላ በቲማቲም ወጥ ምድጃ ውስጥ የበሰለ ሲሆን፣ በእኔ ግምት ከሁሉም የሚበልጠው እርሱ ነው። እኔ ኦክቶፐሱን አዘዝኩ፤ ከላዩ በከሰል ጠቆር ብሎ ውስጡ ለስላሳ፣ ኮምጣጤ የተርከፈከፈበት ነበር፤ እናቴ ሰሃኔን በአንድ ጣቷ እስከ ጠረጴዛው ጠርዝ ገፋችው እንጂ ሌላ አስተያየት አልሰጠችም።

ስለ ሒሳቡ ሁለት ነገር ልጨምር። ምግብ ዝርዝሩ ላይ የዓሣ ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በኪሎ ስለሆነ፣ ከመጠበሱ በፊት አስመዝናችሁ ስንት እንደሚሆን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ የአገሩም ሰው የሚያደርገው ነው። ጠረጴዛው ላይ ሳታዝዙት የሚቀመጠው ዳቦም በጥቂት ሳንቲም ይታሰባል። ከዚያ በኋላ ተነሡ የሚላችሁ የለም፤ ሒሳብ እስክትጠይቁ ድረስ አይመጣም፤ ይህን እንደ ዝንጉነት ቆጥረው የሚናደዱ መንገደኞች አጋጥመውኛል፤ እነርሱ ግን እንግዳን ማስነሣት ነው የሚነውራቸው። በመጨረሻ የግሪክ ቡና ጠየቅን፤ በትንሽ ስኒ ከነአተላው የሚቀርብ፣ ያለ ስኳር ከተፈለገ "ስኬቶ"፣ መጠነኛ ስኳር ከሆነ "ሜትሪዮ" ተብሎ የሚታዘዝ ነው። እናቴ ጠጥታ ስኒዋን አስቀመጠችና "አቦሉን አገኘነው፤ ቶናው የታለ?" አለች። ሁለተኛ አዘዝኩላት፤ እንደገና ተከፈለበት።

ፒስታሺዮ ሳይገዙ ከኤጊና መውጣት አይገባም። ስሙ ከ1996 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ጥበቃ የተሰጠው ነው። ወደቡ ላይ የአምራቾቹ ኅብረት ሥራ ማኅበር መሸጫ ስላለ ከዚያ መግዛት ያስተማምናል። በመስከረም ለሚሄድ ሰው ሁለት ዓይነት ይገኛል፦ አንዱ ሐምራዊ የሚያደላ ልጡ ያልተላጠ እርጥቡ ነው፤ ልጡ በጣት ሲገፈፍ ይወልቃል፤ ጣዕሙ ለስለስ ያለ ቢሆንም በቀናት ውስጥ ስለሚበላሽ እዚያው መብላት ነው። ሌላው በጨውና በሎሚ ጭማቂ የተቆላው ነው፤ አየር በማያስገባ ከረጢት የታሸገውን ከመረጡ አዲስ አበባ ድረስ ሳይለወጥ ይደርሳል። ርካሽ አይደለም፤ እናቴ ዋጋውን ወደ ብር ስትመነዝረው እንዳትሰማ ሒሳቡን ከፍዬ የጨረስኩት እርሷ ከጀልባው ላይ አትክልት የሚሸጠውን ሰውዬ ስታይ ነው።

የመመለሻ ቲኬት ጠዋት አብሮ መግዛት ይሻላል፤ በተለይ ዓርብና እሑድ ማታ አቴናውያኑ ራሳቸው ስለሚመላለሱ መርከቡ ይሞላል። ከመጨረሻው መርከብ ቀድሞ የሚነሣውን መምረጥ ደግሞ ሽማግሌ ለያዘ ሰው ዕረፍት ይሰጣል። ለቅዱስ ነክታሪዮስ ብሎ የሚሄድ ሰው ዓመታዊ በዓላቸው በኖቬምበር 9፣ በእኛ ጥቅምት 30 እንደሚውል ይወቅ፤ በዋዜማው ደሴቲቱ በምእመናን ስለምትጥለቀለቅ፣ በዓሉን የፈለገ ማደሪያና መርከብ ቀደም ብሎ መያዝ፣ ጸጥታውን የፈለገ ደግሞ ሌላ ሳምንት መምረጥ ይኖርበታል።